እህቴ 6,000 ብር የከፈለችበት ሳይትማፕ፣ እኔ በነፃ ያስገባሁት ሳይትማፕ

ይሄ ስለ ጎግል ሰርች ኮንሶል (የሳይት ባለቤት ሳይቱ ጎግል ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚያይበት የጎግል መሣሪያ) የሳይትማፕ፣ ማለትም የገጾች ዝርዝር፣ ክፍል ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሚለውን ይሠራል። ችግሩ ሰው ከሚለው በላይ ይጠብቅበታል። እኔም ጠብቄ ነበር።

ታላቅ እህቴ የምግብ አሠራር ዌብሳይት አላት፣ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ። ወጡ፣ የጾሙ፣ ዳቦው፣ የሽሮው ዓይነት ሁሉ፣ ባጠቃላይ 87 ገጽ። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስትለቅ ሰው ይመጣል፣ ካልለቀቀች ዝር የሚል የለም። አንድ ቀን ደወለችና "አንተ፣ የዌብሳይቴን ስም ራሱን ጎግል ላይ ብጽፈው አይወጣም። ኮምፒውተር ነው የተማርኩት አላልክም?" አለችኝ።

ለካ እኔ ጋ ከመደወሏ በፊት "ዌብሳይትዎን 500 ሰርች ኢንጂኖች ላይ እናስመዘግባለን" የሚል ቤት 6,000 ብር ተቀብሏታል። ስማቸውን አልጠራም። የሰጧት አንድ ፒዲኤፍ ነው፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ራይት የተደረገበት። ከ500ዎቹ ውስጥ እኔ የማውቃቸው ከአምስት አይበልጡም። ሰው በእውነት የሚፈልግባቸው ጥቂት ናቸው፦ ጎግል፣ ቢንግ፣ ያንዴክስም ለሩሲያው ዓለም። ያሁና ዳክዳክጎ ውጤታቸውን በአብዛኛው ከቢንግ ነው የሚያመጡት። ስለዚህ ሁለት ቦታ ካስገባህ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። የቀሩት 490 ምናምን የት እንዳሉ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ለማያውቀው፣ ሳይትማፕ ማለት የገጾችህ አድራሻ በሙሉ የተዘረዘረበት አንድ ፋይል ነው። ጎግል በ2005 ጀመረው፣ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ገቡበት፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ ፋይል ለሁሉም ያገለግላል። በአንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ፣ ሳይጨመቅ እስከ 50 ሜጋባይት ይፈቀዳል። እህቴ ይሄን ስትሰማ ሳቀች፣ 50,000 ወጥ የለማ።

ፋይሉን ለመሥራት ማንም ብር መክፈል የለበትም። ዎርድፕረስ፣ ብዙ ሰው ዌብሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ከነሐሴ 2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከ5.5 ቨርዥን ወዲህ፣ ራሱ ይሠራዋል። ዮስት የሚባለው ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ያለው ሰው ደግሞ የዮስትን ያገኛል፣ የዎርድፕረሱ ያኔ ይጠፋል፣ አትደንግጡ። ዎርድፕረስ ላልሆነ ሳይት ስክሪሚንግ ፍሮግ የሚባለው ፕሮግራም አለ፣ እስከ 500 አድራሻ በነፃ ይለቅማል። ኦንላይን የሚሠሩም አሉ። ግን እንዲህ ያለው ፋይል እንደ ፎቶ ነው፣ ነገ አዲስ ገጽ ስትጨምር እሱ እዚያው ትናንት ላይ ይቀራል። በራሱ የሚታደስ ካለህ የቆመውን አትንካ።

እህቴ ጋ ዎርድፕረስ ነው ያለው። የሳይትማፑን አድራሻ ከፈትኩ። ገጹ የለም አለኝ። ደግሜ ከፈትኩ፣ የለም። ግማሽ ሰዓት ፕለጊን ሳጠፋና ሳበራ ቆየሁ፣ በመጨረሻ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለው ጋ ስገባ ነገሩ ፍንትው አለ። ሰርች ኢንጂኖች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ የምታደርገዋ ትንሽዬ ሳጥን ራይት ተደርጋለች! ሳይቱን የሠራው ልጅ ገና ሲሠራ ዘግቶ፣ ሲጨርስ መክፈቱን ረስቶት ነው። ያቺ ሳጥን ራይት ከሆነች ዎርድፕረስ ሳይትማፑንም አያወጣም። እንግዲህ አስቡት፣ እነዚያ 6,000 ብር የተቀበሉት ሰዎች የሌለ ፋይል ነው 500 ቦታ "ያስመዘገቡት"።

ራይቷን አጠፋሁ። ሳይትማፑ ወዲያው መጣ።

ቀጥሎ ሰርች ኮንሶል። መጀመሪያ ሳይቱ ያንተ መሆኑን አረጋግጥ ይልሃል። ዶሜኑን፣ ማለትም የሳይቱን ስም፣ በሚያስተዳድረው ሴቲንግ (ዲኤንኤስ) በኩል ማድረግ ይቻላል፣ ወይ አንዲት የኮድ መስመር ገልብጠህ ሳይቱ ላይ መለጠፍ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፣ የዶሜኑ ፓስወርድ ማን ጋ እንዳለ ስለማይታወቅ፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው። ከዚያ በግራ በኩል ሳይትማፕስ የሚለውን ትከፍታለህ፣ የፋይሉን ስም ትጽፋለህ፣ ሰብሚት። በቃ። ሁሉም ነገር 10 ደቂቃ አልፈጀም። "ሰክሰስ" አለ፣ 87 ገጽ አገኘሁ አለ። ለእህቴ ስክሪንሾት ላክሁላት፣ እልል አለች።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። ያቺ አረንጓዴ "ሰክሰስ" ሰውን ታሳስታለች። ፋይልህን አነበብኩት ማለት ብቻ ነው እንጂ ገጾችህ ጎግል ላይ ይወጣሉ ማለት አይደለም። የሰርግ መጥሪያ ካርድ ሰውዬው እጅ ገባ፣ ይምጣ አይምጣ የራሱ ጉዳይ ነው። ጎግልም ይህን አልደበቀም፣ ሳይትማፕ ጥቆማ ነው፣ ዋስትና አይደለም ብሎ በመመሪያው ጽፏል። ግን ቃሏን ሌላ ቢያደርጋት ምን ነበረበት? እውነተኛውን ቁጥር ማየት የፈለገ ፔጅስ የሚለው ሪፖርት ውስጥ ገብቶ በሳይትማፑ ማጣራት አለበት። ስንቱ ተመዘገበ፣ ስንቱ ታይቶ ቀረ፣ ስንቱ ከነጭራሹ አልተጎበኘም፣ እዚያ ነው የሚገኘው። ይሄ ነገር ከሳይትማፑ ዝርዝር አጠገብ በትልቁ ተጽፎ ቢሆን ስንት ሰው ከመደናገር ይድን ነበር።

ሌላ ደግሞ፣ ዩቲዩብ ላይ ያሉ የቆዩ ማስተማሪያዎችን አትመኑ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ "ፕራዮሪቲ" እና "ስንት ጊዜ ይቀየራል" የሚል ነገር ሙሉ ይላሉ። ጎግል ሁለቱንም አያያቸውም። የሚያየው መጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ነው፣ እሱንም እውነት ሆኖ ካገኘው። ዎርድፕረስ ይህን ቀን በራሱ ሳይትማፕ ላይ የጨመረው በ2024 ነው፣ 6.5 ላይ፣ ስለዚህ አፕዴት ያላደረገ ያድርግ። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር በጻፍክ ቁጥር ጎግልን "ፒንግ" አድርግ፣ ማለትም ሳይትማፔ ተቀይሯል ብለህ ንገረው፣ ይላሉ። እሱ በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል። አንዴ ካስገባህ ጎግል ራሱ እየተመላለሰ ያነበዋል፣ በየሳምንቱ ሰብሚት እያሉ መነዝነዝ ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ አማርኛችን ጉዳይ ልምጣ። ሳይትማፑን ባልከፍተው ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር።

ፋይሉን ስከፍተው አድራሻዎቹ የፐርሰንት ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ቅልቅል ናቸው፣ እንደ ባቡር የረዘሙ። ይሄ ስህተት አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሩ ውስጥ 3 ባይት ነው፣ አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዷ ባይት 3 ምልክት ትሆናለች። ስለዚህ አንዷ "ዶ" ብቻዋን 9 ቦታ ትይዛለች። ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ የአድራሻ ስም የሚሰጠው 200 ቦታ ነው። 200 ለ9 አካፍሉት፣ 22 ፊደል። ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል፣ አይነግርህም።

እህቴ ደግሞ ርዕስ ስትጽፍ "በቀላሉ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ጣፋጭና ጤናማ" ብላ የምትጀምርበት ጊዜ አለ። የምግቡ ስም ከዚያ በኋላ ነው። ቁጠሩት፣ እስከ "ጤናማ" ድረስ 21 ፊደል ነው፣ በመሃል ያሉትን ሰረዞች ስትጨምር ለምግቡ ስም አንዲት ፊደል የምታስገባ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ 9 ምግቦች አድራሻቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ 2፣ 3፣ 4 እያለ ይሄዳል። ክትፎው የትኛው ነው፣ ጎመኑ የትኛው ነው፣ ከአድራሻው አይለይም። ብሎግስፖት (የጎግሉ ነፃ ብሎግ) ላይ የጻፈ ሰው የዚህን ዘመድ ያውቀዋል፣ ርዕሱ አማርኛ ሲሆን አድራሻው "ብሎግ ፖስት" ብቻ ሆኖ ቁጥር ይለጠፍበታል።

በአማርኛ አድራሻ መጠቀም ችግር የለውም፣ ጎግል ያነበዋል፣ እንዲያውም አንባቢው በሚያውቀው ቋንቋ ጻፉ ነው የሚለው። ግን አጭር ይሁን። "ዶሮ ወጥ" ይበቃል። 9ኙንም በእጄ አሳጠርኳቸው። ዎርድፕረስ ውስጥ "ፔጅ" ሳይሆን "ፖስት" ተብሎ የተጻፈ ከሆነ፣ ዎርድፕረስ የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ ራሱ ይመራዋል፣ ሳይትማፑም አብሮ ይስተካከላል። ቴሌግራም ላይ ቀድሞ የተለቀቀ ሊንክ አልሞተም፣ ሞክሬዋለሁ።

ቢንግንም አልተውኩትም። ቢንግ ዌብማስተር ቱልስ፣ የቢንግ ሰርች ኮንሶል በለው፣ ከጎግሉ ሰርች ኮንሶል ላይ ሁሉንም ገልብጦ ይወስዳል፣ ሁለት ሦስት ክሊክ ነው። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ኢንዴክስናው የሚባል አሠራር አላቸው ከያንዴክስ ጋር፣ ገጽ ሲቀየር ወዲያው ታሳውቃለህ። ጎግል እዚህ ውስጥ የለበትም። ለ87 ገጽ የወጥ አሠራር መቸኮሉም አያስፈልግም።

ውጤቱስ? ከስድስት ሳምንት በኋላ ከ87ቱ 61ዱ ተመዝግበዋል። ሳይትማፑ ነው ያመጣው ብዬ አልዋሽም፣ ትልቁ ሥራ የዚያች ሳጥን መከፈት ነው። እንዲያውም ጎግል ራሱ ከ500 ገጽ በታች ለሆነና ገጾቹ እርስ በርስ በደንብ ለተያያዙ ሳይቶች ሳይትማፕ ላያስፈልግ ይችላል ይላል። የእህቴ ግን አልተያያዘም፣ የፊተኛው ገጽ የመጨረሻዎቹን 10 ብቻ ነው የሚያሳየው፣ የድሮዎቹ ጓዳ ገብተው ተረስተዋል። እንደሷ ላለ ሰው ሳይትማፕ ዋጋ አለው። ሥራው ቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ ለሆነ ሰው ግን ይሄ ሁሉ ወሬ አይመለከተውም።

የቀሩትን 26 አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥቂቶቹ ሁለት ሁለት መስመር ብቻ ያላቸው ናቸው። አራቱ ደግሞ የሽሮ ገጾች ናቸው፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት የሆኑ፣ የዱቄቱ ስም ብቻ ነው የሚቀየረው። ደወልኩላትና እነዚህን አንድ ገጽ እናድርጋቸው አልኳት።

"ምጥን ሽሮና ነጭ ሽሮ አንድ ነው ያለህ ማነው?" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።