ከባሌስትራ የተሠራ የቶርኖ መሮ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠፍጣፋ መሮ ገዝቼ ለአራት ወራት በእንጨት ቶርኖዬ፣ ማለትም እንጨት እያሽከረከረ ለመቅረጽ በሚያገለግለው ማሽኔ፣ ላይ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ዋንዛ ላይ ያለው አሠራር በእውነት አስደስቶኛል፤ በደንብ ሲሳል ቀጭን ፍቅፋቂ እያወጣ ይልጋል፣ የሚተወውም ገጽ ብርጭቆ ወረቀት እምብዛም አይፈልግም። ወይራ ግን ጥቅጥቅ ያለ እንጨት በመሆኑ ስለቱን ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ መሳል ነበረብኝ።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባው የብረቱን ጠባይ ነው። እንዲህ ያለው ብረት፣ ለፈጣን መቁረጫ ተብሎ በፋብሪካ የሚመረተው መሮ የሚችለውን ያህል ሙቀት አይችልም፤ በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ፣ ማለትም ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ ጥንካሬው ስለሚቀንስ የተቃጠለው ክፍል ተስሎ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝም። ስለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ሳይቸኩሉ መሳል ያስፈልጋል።

አብሮት የመጣው እጀታ በጣም አጭር ነበር። መሮው እንጨቱን በድንገት ሲነክስ የሚመጣውን ኃይል ለመቋቋም ረጅም እጀታ ስለሚረዳ፣ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ የወይራ እጀታ ቀይሬዋለሁ።

ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ መሮ በርካሽ ቢቀርብልዎ ግን እባክዎ አይግዙ፤ ሞረድ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ስለሆነ፣ በሚሽከረከር እንጨት ላይ ተሰብሮ ፊትን ሊመታ ይችላል። ባሌስትራው ግን ቢታጠፍ እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ እኔም ሁለተኛውን፣ ሰፋ ያለውን፣ ለመግዛት የወሰንሁት በዚሁ ምክንያት ነው።