የሥጋ ቤቱ የውሻ ፌስታል፦ የ8 ወር ተሞክሮዬ

ሰፈራችን ካለ ሥጋ ቤት «የውሻ» የሚባለውን ፌስታል እየገዛሁ ውሻዬን ጥሬ አጥንት ማብላት ከጀመርኩ 8 ወር አለፈኝ። ውሻ ያለው ወዳጄ ሁሉ «ይሻላል ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የሥጋ ቤቱን ስም አልጠራም። ይሄ ፌስታል በየሰፈሩ ያለ ፌስታል ነው፣ የናንተውም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ውሻዬ ሻምበል ይባላል። 28 ኪሎ ነው። አባቱ ጀርመን ሸፐርድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠኝ። አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ስለሚወድቅ ወሬው ግማሽ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ድሮ እኮ አጥንት በነጻ ነበር። ሥጋ የገዛ ሰው «ለውሻም ጣል አድርግልኝ» ይላል፣ ቆራጩ ከሥር ካለው ሳፋ ዘገን አድርጎ ይጨምርለታል፣ አለቀ። አሁን ሥጋው ሰማይ ሲነካ አጥንቱም ዋጋ አወጣ። እኔ ለአንድ ፌስታል 150 ብር እከፍላለሁ። ቤት ስመዝነው 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ አንዳንዴ ይጎድላል፣ ግን ሥጋ ቤቱ ሚዛን ላይ ስለማያወጣው መከራከር የለም። ከውጭ ከሚመጣው የደረቅ ምግብ ከረጢት ጋር ግን አይወዳደርም፣ በጣም ርካሽ ነው። በዋጋው ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ውስጡ ባለው ነገር ነው። የመጀመሪያውን ፌስታል ሳፋ ላይ ስዘረግፈው በመጥረቢያ የተፈለጠ ቅልጥም ወጣ፣ ሥጋ በደንብ ያልተለቀመለት የአንገት አጥንት ወጣ፣ ሦስት ጎድን ወጣ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የእንግዳ ትራስ የሚያክል ሳንባ። እኔ ደስ አለኝ። ሳንባ ለስላሳ ነው፣ አጥንት የለው፣ እሾህ የለው። ወዲያው ቆረስ አድርጌ ጥሬውን ወረወርኩለት። ሻምበልም አላኘከውም፣ ዋጠው። አጥንቱን ደግሞ እማዬ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትልቁ ድስት ውስጥ ከትተን ቀቀልነው፣ መረቁን ከሩዝ ጋር ለወስንለት፣ የተቀቀለውን አጥንት ከላይ ደረደርንበት። የውሻ ምግብ ማለት ለኛ ይሄ ነበር።

ከዚያ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይዤው ስሄድ፣ ዶክተሯ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። በኩራት ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አገላብጣችሁታል» አለች። «ሳንባውን ነው መቀቀል፣ አጥንቱን ነው ጥሬ መስጠት።» 8 ወር የተማርኩት ነገር ሁሉ ከዚች ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው።

የሳንባው ነገር እንዲህ ነው። በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመል ሳንባና ጉበታቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይኖራል። ቄራ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ የሥጋ መርማሪዎች ሲያገኙት ያንን ክፍል ያስወግዳሉ። ከረጢቱ የኢኪኖኮከስ ትል ልጆች መኖሪያ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ትሉ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፣ ውሻው ደግሞ ምንም አይሆንም፣ ይሮጣል፣ ይጫወታል። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ ልጅ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሰው ላይ ሲሆን ያው ከረጢት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ዓመታት እየፈጀ ያድጋል፣ አንዳንዴ በኦፕራሲዮን እስከማውጣት ይደርሳል። በሽታው አገራችን ውስጥ በደንብ አለ። ቄራ አካባቢና ጊቢ ውስጥ የታረደ ነገር ሲኖር «ይሄን ለውሻው» እያልን የምንወረውረው ሳንባና ጉበት ነው ዑደቱን የሚያዞረው። ይህን ከሰማሁ በኋላ በፋሲካ አጥሩ ሥር ተሰብስበው የሚጠብቁትን የሰፈር ውሾች በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

ስለዚህ አሁን ፌስታሉ ውስጥ ሳንባ ካለ ቆራርጬ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ አፈላዋለሁ። ጉበትም እንደዚያው። ሻምበል በየ3 ወሩ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል ክኒን ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ በሽታ ላለባቸው አገሮች ውሾች ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ይሰጣቸው ነው የሚለው። ክኒኑን በሥጋ ጠቅልዬ ስሰጠው ሥጋውን በልቶ ክኒኑን እንዴት አድርጎ እንደሚተፋው እስካሁን አልገባኝም።

አጥንቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሲቀቀል ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ስንጥሩ እንደ መርፌ ይሆናል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጥሬው እርጥብ ነው፣ ውሻ ሲያኝከው እየተፈጨ ይሄዳል። ዶክተሯ ግን ጥሬ ስለሆነ ብቻ ሁሉም አጥንት ጥሩ አይደለም ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። አልሰማሁም። በሁለተኛው ሳምንት እንደዚያ ያለ የተፈለጠ ቅልጥም ጥሬውን ሰጠሁት፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲታገለው ዋለ፣ እኔም ሲደሰት አይቼ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። በማግስቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝክ ጀመር። ላይኛው መንጋጋ ላይ ያለው ትልቁ ጥርሱ ተሰንጥቋል። ተነቀለ። ለዚያ የከፈልኩት ገንዘብ ስንት ፌስታል እንደሚገዛ አስልቼ ከዚያ በኋላ ማስላት ተውኩ።

የበሬ ቅልጥም ከባድ በሬ የሚሸከም አጥንት ነው፣ የውሻ ጥርስ ይሰነጥቃል። በዚያ ላይ ቆራጩ በመጥረቢያ ሲፈልጠው ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይሆናል። መቅኒው ደግሞ ንጹሕ ጮማ ነው፣ ሆዱ ስስ የሆነ ውሻ በአንድ ቀን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ቆሽቱ ሊቆጣም ይችላል። እኔ ቤት ቅልጥም አሁን የሰው ነው።

ጥሩው አንገት ነው። እውነቴን ነው፣ ለፌስታሉ ከምከፍለው 150 ብር 100ው የአንገት አጥንቱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሥጋውና ጅማቱ በየስንጥቁ ተጣብቆ ስለሚቀር ውሻው ለመልቀም ይለፋል፣ ይገነጥላል፣ ጥርሱ ይጠረጋል። ጎድንም ጥሩ ነው፣ በተለይ የበግ ከሆነ። የፍሪምባ አጥንት ከተገኘ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ለትንንሽ ውሻም ይሆናል። ጭራ ያው ሰው ይሻማበታል፣ አይደርሰንም። ዋናው ነገር ሥጋ ያለበት መሆኑና ከአፉ መተለቁ ነው። ሙልጭ ተደርጎ የተላጠ አጥንት ድንጋይ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሳያኝክ ይውጠዋል።

የጥርሱን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ምክንያቱም እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። ሻምበል 5 ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ ሥር ቡናማ ቅርፊት ነበረው፣ ሲያዛጋ ክፍሉን ለቀን እንወጣ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ቅርፊቱ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የብራዚል ጥናት አለ፣ ቢግል ለሚባሉ ውሾች ጥሬ የበሬ አጥንት ሰጥተው በ2 ሳምንት ውስጥ የጥርሳቸው ቅርፊት ከግማሽ በላይ ቀንሶ አገኙት። ውሾቹ ጥቂት ነበሩ፣ ጥናቱም አጭር። ግን የኔው ሻምበል ትንፋሽ ምስክር ነው።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለውሻዋ በፍሪዘር የታሸገ ጥሬ ምግብ ትገዛለች። የፌስታሉን ፎቶ ብልክላት ደነገጠች፣ ዋጋውን ስነግራት ደግሞ ቀናች። ለውሻ ጥሬ ማብላትን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰፊው ያስተዋወቁት የአውስትራሊያ የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፣ ኢያን ቢሊንግኸርስት ዋነኛው ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጥሬ ነገር አትስጡ ይላል፣ ምክንያቱ ሳልሞኔላና መሰል ተሕዋስያን ናቸው። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። አጥንቱ ይጠቅመዋል፣ ጀርሙም አለ። የኛ ፌስታል እኮ ዝንብ እያረፈበት በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ካልሄድኩ አልገዛም። ፍሪዘር ጀርሙን አይገድለውም፣ ያቆየዋል እንጂ። መብራት ጠፍቶ አድሮ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ሲሚንቶው ላይ ብቻ ነው የሚበላው፣ ሲጨርስ በበረኪና አጥባለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈው የቀረውን እወስዳለሁ። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ ካለ እኔ ብሆን ባልጀምረው ነበር።

ዶሮን በተመለከተ፣ ጥሬ የዶሮ አንገት ለትንሽ ውሻ ተስማሚ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥሬ ዶሮ መብላት የውሻን እግር ከሚያሽመደምድ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ከዚያ የባሰው ግን የኛው ዶሮ ወጥ ነው። በዓል ሲያልፍ ሰሐኑ ላይ የቀረው ሁሉ ለውሻ ይገለበጣል፣ አይደል? አጥንቱ በደንብ የተቀቀለ ነው፣ ለመሰንጠር የተዘጋጀ። ቁሌቱ ደግሞ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም አለው፣ ሁለቱም የውሻን ደም የሚያበላሹ ናቸው። ፍቅራችን ነው የሚገድላቸው።

እማዬ በጥሬው አጥንት አልተስማማችም። «ደም የለመደ ውሻ ሰው ይነክሳል» ትላለች። ዘበኛችንም ከሷ ጋር ነው። 8 ወር ሙሉ ማንንም አልነከሰም፣ ሌባ ሲመጣ ቢነክስ እንኳን ደስ ባለኝ። ግን አጥንት ይዞ ሳለ ሰው ሲጠጋው ያጉረመርማል፣ ይሄ እውነት ነው። የእህቴ ልጅ ከአፉ ሊነጥቀው ሞክሮ ለጥቂት ነው የተረፈው። አሁን ሲበላ የጓሮው በር ይዘጋል። ስወስድበትም በእጄ አልታገለውም፣ የተቀቀለች ሳንባ አሳየዋለሁ፣ አጥንቱን ራሱ ይጥለዋል።

ብዛትን በተመለከተ፣ በሳምንት 2 ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ስሰጠው ሰገራው ነጭ ኖራ ሆነ፣ ሲጸዳዳ ያለቅስ ነበር፣ አንጀቴን በላው። ሌላውን ቀን ሩዝ፣ የተቀቀለ ሥጋና ሳንባ፣ ትንሽ ካሮት፣ ያለ ጨው ያለ በርበሬ።

ወደ ሥጋ ቤቱ ልመለስ። አገልግሎቱ ከ5 ኮከብ 3 ነው። 4 የሚሆነው ቆራጩ ልጅ የተረኛ ቀን ነው፣ እሱ ስለለመደኝ። መጀመሪያ «አንገቱን ብቻ፣ በመጥረቢያ ሳትነካው ስጠኝ» ስለው «እህቴ፣ ለውሻ ነው ለሙሽራ?» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚበሉት ሰውዬ ሳይቀሩ ጉርሻቸውን አቁመው አዩኝ። አሁን ገና ከበር ሲያየኝ «የሻምበል መጣ!» ይላል። ሳንባ አይከትም፣ ቅልጥም አይከትም፣ አንገቱን በሁለት ትልልቅ ቁራጭ ይሰጠኛል። ሌላው ቆራጭ ያለ ቀን ግን ያው የድሮው ፌስታል ነው፣ እንዲያውም አንዴ ውስጡ የፕላስቲክ ገመድ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፌስታሉን ፍቱት፣ አትፈሩ።

የቀረኝ ችግር ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳን ይታለፋል። ሁዳዴ ግን 55 ቀን ነው፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ አገር ቤት ይሄዳሉ። ዘንድሮ ከቅበላ በፊት 4 ፌስታል ገዝቼ ፍሪዘሩን ብሞላው እማዬ «በጾም ደም ያለበት ዕቃ ከሽሮዬ ጎን አይቀመጥም» ብላ በሁለተኛው ቀን አስወጣችኝ። ከዚያ የሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ፣ ሻምበል በዚህ በኩል ችግር የለበትም፣ ግን ከቤቴ ሁለት ታክሲ ነው፣ ደም የሚያንጠባጥብ ፌስታል ይዤ ሚኒባስ ውስጥ የታየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። በሲኤምሲ በኩል በጾም የአንገት አጥንት የሚሸጥ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ሳንባ የማይከት ከሆነ።