"ትልቁን አምጪልኝ" ላለችው ነርስ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አለፈኝ። ዛሬ ግን ዝም ማለቴ ነውር ሆኖ ተሰማኝ።

አሜሪካ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። እናቴን የወሰደብኝ ስኳር ስለሆነ በየዓመቱ እመረመር ነበር። መልሱ ግን ሁሌ አንድ ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ ክብደት ቀንሺ። ድካም ሲጥለኝ ክብደት ቀንሺ። አንዱ ጋ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ከኮምፒውተሩ ቁጥር አንብቦልኝ ወጣ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ 2 ዓመት ሐኪም ቤት ዝር አላልኩም። ስኳሩን ትቼ ሚዛኑን ፈራሁ!

ወደዚች ነርስ ጎትታ የወሰደችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ገና ስገባ ረዳቷ ግፊቴን ለክታ "148" ስትል ደነገጥኩ። ነርሷ ክንዴን አየት አደረገችና "ይሄ ጠቧታል፣ ትልቁን አምጪልኝ" አለች። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ማለቷ ነው። ትንሽ አሳርፋኝ በትልቁ ስትለካው 126 ሆነ። ለካ ጠባቡ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያል! ስንት ዓመት በዚያ እንደለኩኝ እግዜር ይወቅ። ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ ክንድሽ ወፍራም ነው አላለችም። ዕቃው ጠበበ ነው ያለችው።

ሚዛን ላይ መውጣት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልፈልግም አልኳት፤ አለፈችው። ስለ እናቴ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሌሊት ሥራዬ ጠየቀችኝ። የሦስት ወሩ ስኳሬ (A1C የሚሉት፣ የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራ) 6.1 ነበር። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና ስኳር በሽታ እንዳልሆነ፣ ግን መንገዱ ላይ እንዳለሁ አስረዳችኝ። ያ ቁመትና ክብደት የሚያካፍሉበት፣ BMI የሚሉት ስሌትም ከ190 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ቤልጂየማዊ የስታትስቲክስ ሰው ያወጣው ነው አለችኝ። ሐኪምም አልነበረም። የለካቸውም አውሮፓውያንን ነው፤ እኔን መች አየኝና!

ክብደት ምንም አያመጣም አላለችኝም፣ አልዋሽም። ግን የምንከታተለው የምታደርጊውን ነው አለች። እንጀራ ተይ ብላ አልገሠጸችኝም። ጎመንና ምስሩን አብዢ፣ ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ ተራመጂ፣ እንቅልፍሽን አክብሪ። በቃ። ከ6 ወር በኋላ 5.6 ገባሁ። ክብደቴ? ያው ነው፣ ቀሚሴም ያው።

እህቶቼ፣ በተለይ እንደኔ ሐኪም ቤት የሸሻችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። ስሟን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀጠሮ ትንሽ ያስጠብቃል፤ እኔ 5 ሳምንት ጠብቄአለሁ። ስትሄዱ እጅጌው ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ።