ለብርድ ወራት ስቲልሄድ ጥሩ መሪ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በዋሽንግተን ግዛት በፎርክስ ከተማ ዙሪያ፣ በቦገሺልና በሶል ደክ ወንዞች ላይ በፍላይ (በመንጠቆ ላይ በተሠራ ቀላል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ስቲልሄድ፣ ማለትም ባሕር ወርዶ ወደ ወንዝ የሚመለስ የትራውት ዓሣ፣ የሚያስጠምዱንን መሪያችንን በአደባባይ እናመሰግናለን። እግዜር ይስጥልን! ሲያትልና አካባቢዋ ላላችሁ አጥማጆችም ከልብ እንጠቁማቸዋለን።

ውሃው ወደ 4–6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ስቲልሄድ ይፈዛል፤ ርቆ አያሳድድም። ፍላዩን ዝቅ አድርጎ፣ በዝግታ፣ ፊቱ ላይ ማሳለፍ ግድ ነው። እሳቸውም ማንም ውሃ ሳይገባ ክሩን ይፈትሹለታል። 3 ሜትር ቲ-11 ሰማጭ ጫፍ (ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጥ ከባድ ጫፍ) ላይ፣ ፍላዩ የሚታሰርበትን የመጨረሻ ክር ረጅም አድርጎ ያሰረ ካለ ቆርጠው አንድ ሜትር ያደርጉታል፤ ጫፉ ቢሰምጥ እንኳ ረጅሙ ክር ፍላዩን ወደ ላይ ያንሳፍፈዋልና። ጠለቅና ፈጠን ላለ ውሃ ከበድ ያለውን ቲ-14 ይቀይራሉ። መንጠቆው ድንጋይ በነካ ቁጥር ደግሞ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ይሞክሩታል፤ ካንሸራተተ ይሞረዳል።

በሰው እርምጃ ፍጥነት የሚሄድ፣ ከወገብ እስከ ቁመት የሚጠልቅ ውሃ ይመርጣሉ። ትምህርታቸው ግልጽ ነው፦ ወደ ማዶ ወርውር፣ ክሩን ወዲያው ወደ ላይኛው ወንዝ ገልብጥ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ውረድ፣ ክሩ ሲወጠር በዘንግህ ቀስ ብለህ ተከተለው። ፍላዩ ዳር ሲደርስ ቶሎ አትሰብስብ፤ ተከትሎ የመጣ ዓሣ እዚያ ይነክሳል። ሲነክስም ዘንግ መምዘዝ የለም፤ ፍላዩን ከአፉ ያወጣዋል። ዓሣው ዞሮ ክር ከሪሉ (ከክር መጠምጠሚያው) ሲጎትት ዘንጉን ወደ ዳር ማዘንበል ይበቃል።

ነፋሱ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ሲነፍስ ደብል ስፔይ፣ ሽቅብ ሲነፍስ ስናፕ-ቲ በተባሉት የአወራወር ስልቶች ያስወረውራሉ። ይህን ያልጠበቀ ሰው መንጠቆው ፊቱ ላይ ሊመጣበት ይችላል፤ መነጽር ያላደረገንም ውሃ አያስገቡም።

በጣም የምናከብራቸው ግን በዓሣው አያያዛቸው ነው። የመንጠቆው እሾህ በፒንሳ ይጨፈለቃል። ጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ያለችው ትንሿ ክንፍ ካልተቆረጠች ዓሣው የዱር (በእርባታ ጣቢያ ያልተፈለፈለ) ነው፤ ከውሃ ሳይወጣ ይለቀቃል። ደንቡ በወቅቱ መሀል ስለሚለወጥ የዋሽንግተን ዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ያወጣውን በየጠዋቱ ያያሉ። ወንዙ ሞልቶ ከደፈረሰ ደግሞ ከዋዜማው ደውለው ቀኑን ያዛውራሉ፤ ለገንዘብ ብለው ማንንም አያንከራትቱም።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር እንልካለን። የሁለት እጅ ዘንግ ከሌላችሁ 13 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ 7 ቁጥር ዘንግ ያመጣሉ፤ የዌደር (ውሃ የማያስገባ ሱሪ) እና የጫማ ቁጥራችሁን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።