ባለገመድ የጥርስ ራጅ ሴንሰር ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ አፍ ውስጥ ገብቶ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘውን ቁጥር 2 (ከቁጥር 1 የሚሰፋውን) ሲሞስ ሴንሰር ይመለከታል፤ ሲሞስ ብርሃንን ወደ ዲጂታል ምስል የሚለውጥ ቺፕ ነው። ክሊኒካችን ከፎስፈር ፕሌት (በማንበቢያ ማሽን ከሚነበብ ቀጭን ገበታ) ወደ ሴንሰር ከተዛወረ ወራት አልፈዋል፤ ሴንሰሩ በየቀኑ ለፔሪያፒካልም (ጥርሱን እስከ ሥሩ ጫፍ ለሚያሳይ ምስል) ለባይትዊንግም (የላይና የታች ጥርሶችን አናት አብሮ ለሚያሳይ ምስል) ይሠራል። የራጅ ማሽኑ አልተቀየረም፤ 65 ኪሎቮልት፣ 7 ሚሊአምፔር፣ ባለ 20 ሳንቲሜትር ኮን (ጨረሩን የሚመራ የማሽኑ አፍ) ነው። ስለዚህ በምስሉ ላይ ያየነው ለውጥ ሁሉ የመጣው ከሴንሰሩ፣ ከአያያዛችንና ከሶፍትዌሩ ነው።

ሴንሰሩ ጥሩ ነው፤ ብንጠየቅ ደግመን እንገዛዋለን። ነገር ግን በመሸጫው ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የምስሉን ጥራት አይወስንም። የፒክስሉ ስፋት 20 ማይክሮሜትር ነው፤ በሒሳብ በአንድ ሚሊሜትር 25 ጥንድ (ጥቁርና ነጭ) መስመር መለየት አለበት ማለት ነው። ጨረሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው የሲዚየም አዮዳይድ ንብርብር ግን ብርሃኑን ትንሽ ወደ ጎን ይበትነዋል። ከዚያም በላይ የቱቦው የትኩረት ነጥብ፣ ማለትም ጨረሩ የሚነሣበት ቦታ፣ ራሱ ስፋት አለው። የኛ ማሽን ነጥብ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ከነጥቡ እስከ ጥርሱ 20 ሳንቲሜትር፣ ከጥርሱ እስከ ሴንሰሩ 2 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ጠርዙ ላይ የሚፈጠረው ብዥታ 0.07 ሚሊሜትር ይደርሳል። ይህ ከሦስት ፒክስል በላይ ነው። ርቀቱ ወደ 30 ሳንቲሜትር ሲጨምር ብዥታው ወደ 0.047 ይወርዳል። ጥራት የሚፈልግ ሰው የፒክስል ቁጥር ከማሳደድ ይልቅ ረጅም ኮን ቢያስገጥም ይሻለዋል። ርቀቱ ሲጨምር የማንሻ ጊዜውም ከእጥፍ በላይ መሆን እንዳለበት ግን አይዘንጋ፤ ያለዚያ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል።

ከፕሌት ለሚመጣ ሰው ትልቁ ለውጥ የጨረር መጠን አወሳሰን ነው። ፕሌት ብዙ ይቅር ይላል፤ ጨረሩ ቢበዛም ሶፍትዌሩ አስተካክሎ ያማረ ምስል ያወጣል። በዚህ ምክንያት ማንም ሳያስተውል ለታካሚው የሚሰጠው መጠን ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ሴንሰሩ እንዲህ አይደለም። ሲበዛበት ይሞላል፤ በተለይ በጥርሶች መካከል ያለው ቀጭን አጥንትና የታችኛው የፊት ጥርስ አካባቢ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ የጠፋውን መረጃ ደግሞ ማንኛውም ማስተካከያ አይመልሰውም። ሲያንስበት በላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ዙሪያ ያለው ቀጭን ጥቁር መስመር በነጠብጣቡ ውስጥ ይጠፋል። እኛ ለአዋቂ የታችኛው የፊት ጥርስ 0.08፣ ለፕሪሞላር (ከክራንቻ ቀጥሎ ላሉት ትናንሽ መንጋጋ ጥርሶች) እና ለታችኛው መንጋጋ ጥርስ 0.12፣ ለላይኛው መንጋጋ ጥርስ 0.16 ሴኮንድ እንጠቀማለን። በሌላ ማሽን እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መቅዳት አይገባም። የተነቀለ ጥርስ በሰም ውስጥ አስቀምጦ፣ ከጎኑ ውፍረቱ በየእርከኑ የሚጨምር የአሉሚኒየም ደረጃ አድርጎ፣ ጊዜውን ከዝቅተኛው ጀምሮ ከፍ እያደረጉ መሞከር ነው። ኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) እና ዴንቲን (ከሥሩ ያለው ክፍል) በግልጽ የሚለዩበት፣ በደረጃው ላይም እያንዳንዱ እርከን ከጎረቤቱ የሚለይበት አጭሩ ጊዜ ትክክለኛው ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር፦ አቀማመጥ። በመዝገባችን ላይ ተበላሽተው በድጋሚ የተነሡ ምስሎች አብዛኞቹ በአቀማመጥ የተበላሹ እንጂ በሴንሰሩ ብልሽት አይደሉም። የዚህ ምክንያቱ የሴንሰሩ አካል ነው። ግትር ነው፣ ከፕሌት በብዙ እጥፍ ይወፍራል፣ ማዕዘኖቹ ላንቃና የምላስ ሥር ላይ ይሰማሉ። የውጭ ልኩ 43 በ31 ሚሊሜትር ያህል ቢሆንም ምስል የሚወስደው ቦታ 36 በ26 ብቻ ነው። በየጠርዙ ሦስት ሚሊሜትር ያህል የማያይ ክፍል አለ። የሥሩ ጫፍ ከምስሉ ውጪ የሚቀረው ባለሙያው ይህን ጠርዝ ሳይቆጥር ሲቀር ነው፤ ፔሪያፒካል ምስል ደግሞ ከሥሩ ጫፍ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር አጥንት ማሳየት አለበት።

ለላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሴንሰሩን ከጥርሱ ጋር አጣብቆ ማስቀመጥ አያዋጣም። ወደ ላንቃው መሐል ማራቅ፣ ላንቃው ከፍ ወዳለበት ማስገባትና ከጥርሱ ዘንግ ጋር ትይዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ርቀቱ ብዥታን ትንሽ ይጨምራል፤ ሥሩ ግን በትክክለኛ ርዝመቱ ይወጣል። ለታችኛው ደግሞ ሴንሰሩ በምላስና በጥርስ መካከል ይገባል። እዚህ ጋ የሚረዳው መያዣውን ጥርሱ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ታካሚው ቀስ ብሎ እንዲነክስ ማድረግ ነው፤ አፉ ሲዘጋ የአፍ ወለል ጡንቻ ይላላል፣ ሴንሰሩም ሳያሳምም ወደ ታች ይወርዳል። አፉን በሰፊው ከፍቶ እያለ ወደ ታች መጫን ሕመም ብቻ ነው። መንጋጭላው ጠባብ ለሆነና ለክራንቻ ጥርስ ቁጥር 2 አይመችም፤ ቁጥር 1 ያስፈልጋል።

ምስሉ ላይ ሥሩ ከረዘመ የቱቦው ቁመታዊ ማዕዘን አንሷል፤ ካጠረ በዝቷል። የጎረቤት ጥርሶች ገጽ ከተደራረበ ስሕተቱ አግድም ማዕዘኑ ላይ ነው። ባይትዊንግ ላይ መደራረብ ሲኖር ምስሉ ለታለመለት ሥራ፣ ማለትም በጥርሶች መካከል ያለ መቦርቦርን ለማየት፣ አይሆንም። ሴንሰሩ ጠባብ ስለሆነ ፕሪሞላሮቹንና መንጋጋ ጥርሶቹን በአንድ ምስል ለመያዝ መሞከርም አያዋጣም። የሁለቱ መነካኪያ ገጽ አቅጣጫ ስለሚለያይ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይደራረባል። በየጎኑ ሁለት ምስል ማንሣት፣ ቱቦውንም ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ወደ ታች ማዘንበል ይሻላል።

አራት ማዕዘን ኮሊሜተር፣ ማለትም የጨረሩን ስፋት የሚገድብ መሣሪያ፣ አብረን ገጥመናል፤ ይህን ማንም እንዳይተወው በጽኑ እንመክራለን። ክቡ ኮን 6 ሳንቲሜትር ስፋት ሲኖረው በቆዳ ላይ 28 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ይሸፍናል። 3.5 በ4.5 የሆነው አራት ማዕዘን 16 ካሬ እንኳ አይሞላም። ታካሚው የሚያገኘው ጨረር ይቀንሳል፤ የሚበተነው ጨረርም ስለሚቀንስ ምስሉ ይጠራል። ጉዳቱ አንድ ነው፦ አነጣጥሮ ያልገጠመ ሰው ምስሉን በነጭ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ማነጣጠሪያ ቀለበት ያለው መያዣ ካልተገዛ ኮሊሜተሩን ማስገጠም ድጋሚ ማንሣትን ያበዛል።

ስለ ሶፍትዌሩ በጥብቅ መነገር ያለበት ነገር አለ። ከፋብሪካው ሲመጣ የማሳያ ማጣሪያው ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል፤ ምስሉ ስለት ያለው ይመስላል፣ ዓይንም ይወደዋል። ይህ ማጣሪያ በብረት ሙሌትና በክራውን (ጥርሱ ላይ በሚለበስ ሽፋን) ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይፈጥራል። መስመሩ ከሙሌቱ ሥር የተነሣ አዲስ መቦርቦር፣ ወይም ያልገጠመ ክራውን ይመስላል። ጤናማ ሙሌት የሚቆፈረው እንዲህ ባለ ምስል ነው። ለመለየት ማጣሪያውን አጥፍቶ ያልተነካውን ምስል መክፈት ይበቃል። ጥቁሩ በብረቱ ዙሪያ ሁሉ እኩል ውፍረት ካለው የማጣሪያው ሥራ ነው፤ እውነተኛ መቦርቦር ቅርጹ ያልተስተካከለ ነው፣ ወደ ዴንቲንም ይሰፋል። በጥርሱ አንገት ላይ፣ በኢናሜሉ መጨረሻና በአጥንቱ ጫፍ መካከል የሚታየው ጥቁር ሽብልቅም እንደዚሁ ያሳስታል። ጨረር ሲበዛ ይጎላል፤ ማዕዘኑ ሲቀየር ይጠፋል ወይም ቦታ ይለውጣል። እኛ ማጣሪያውን ዝቅ አድርገን ቋሚ አድርገነዋል፤ ምስሎቹን የምናስቀምጠው በዳይኮም (በሕክምና ምስል ማስቀመጫ ቅርጸት) ነው። በተጨመቀው የጄፔግ ቅርጸት በላክንለት ክሊኒክ ማጉላት ሲሞከር ጠርዙ ይሰባበራል።

ለሩት ካናል (ለጥርስ ሥር ቦይ ሕክምና) ርዝመት ስትለኩ የሶፍትዌሩን ማስመሪያ በጭፍን አትመኑ። ርዝመቱ የሚታወቅ ፋይል (የሥሩን ቦይ የሚጠርግ ቀጭን ብረት) ጥርሱ ውስጥ ባለበት ምስል ላይ ማስመሪያውን መጀመሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ሥሩ በማዕዘን ስሕተት ከረዘመ ልኬቱም አብሮ ይሳሳታል።

ደካማው አካል ገመዱ ነው፣ በተለይም ወደ ሴንሰሩ የሚገባበት አንገት። ምልክቱ መጀመሪያ የሚመጣና የሚሄድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን አንዴ ያየዋል አንዴ አያየውም፣ ወይም በምስሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ገመዱን ጠቅልሎ ማሰር፣ በገመዱ ይዞ ማንጠልጠል፣ ታካሚው እንዲነክሰው መተው፣ የወንበር ጎማ እንዲያልፍበት መተው፣ ሁሉም ዕድሜውን ያሳጥራሉ። ሰፊ ቀለበት አድርጎ በመንጠቆ መስቀል ነው። ማራዘሚያ ካስፈለገ ከነዋናው ገመድ 5 ሜትር አይለፍ፤ ሲያልፍ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ግን የገመድ ጥፋት አይደለም። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ የካሊብሬሽን (የምስል ማስተካከያ) የኮምፒውተር ፋይል አለው፤ ከመለያ ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ኮምፒውተር ሲቀየር ፋይሉ ካልተጫነ ምስሉ በመስመርና በጥላ ይሞላል። ፋይሉን ሴንሰሩ በመጣ ዕለት ሌላ ቦታ ገልብጦ ማስቀመጥ ብዙ ቀን ከመጠበቅ ያድናል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፤ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ አይገባም፣ ፈሳሽ ውስጥም አይዘፈዘፍም። ለእያንዳንዱ ታካሚ የፕላስቲክ ሽፋን ይለበሳል፤ ሽፋኑ በማዕዘኖቹ ላይ ስለሚቀደድ ከውስጥ የጣት ጓንት ደርበን እናለብሰዋለን። ከዚያ አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል።

በየሳምንቱ ባለ 2 ሚሊሜትር እርከን የአሉሚኒየም ደረጃ በአንድ ቋሚ ርቀትና ጊዜ ይነሣል፤ ሴንሰሩ አዲስ ሳለ ከተነሣው ጋር ጎን ለጎን ይታያል። እስካሁን የእርከኖቹ ልዩነት አልቀነሰም። የብሪታንያው የጥርስ ራጅ መመሪያ ከዲጂታል ምስሎች ቢያንስ 95 በመቶው ለምርመራ ብቁ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ የራሳችንንም መዝገብ በዚህ እንመዝናለን። የተጣለ ምስል ሁሉ ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል፦ የሥር ጫፍ፣ መደራረብ፣ የኮን ቆረጣ፣ መጠን።

ሩት ካናል ለሚያበዛ ክሊኒክ ይህ ሴንሰር ትልቅ እርዳታ ነው፤ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ምስሉ በሴኮንዶች ይመጣል፣ ማዕዘኑም እዚያው ይታረማል። ለትናንሽ ልጆችና ቶሎ ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ግን ቀጭኑ ፕሌት አሁንም ይበልጣል። ፕሌቱንና ማንበቢያውን አልሸጥንም፤ ሁለተኛ ሴንሰር መግዛት ሲቻልም ሌላ ቁጥር 2 ሳይሆን ቁጥር 1 ነው የሚገዛው።