በርካሽ የቀረበላችሁን ፎርድ ፊውዥን ከመግዛታችሁ በፊት

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ለታናሽ ወንድሜ የሸጠለት የ2017 ሞዴል ፎርድ ፊውዥን በተገዛ በሁለት ወሩ ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ተመሳሳይ መኪና በርካሽ የቀረበላችሁ ወገኖች ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተለውን እንድታጤኑ አሳስባለሁ።

ፊውዥን ከመሠረቱ መጥፎ መኪና አልነበረም። ከ2006 ሞዴል ጀምሮ በሜክሲኮ፣ ኤርሞሲዮ ከተማ ሲመረት የቆየ የቤተሰብ መኪና ሲሆን፣ በ2013 ሞዴል ቅርጹ ተለውጦ ብዙ ገዢ ስቧል፤ በ2020 ምርቱ የተቋረጠውም ፎርድ ፊቱን ወደ ኤስዩቪና ፒካፕ በማዞሩ ነው። ተርቦ የሌለውን ባለ 2.5 ሊትር ሞተር እኔም ብሆን እገዛለሁ። የሚያሰጋው ባለ 1.5 ሊትሩ ተርቦ፣ በተለይም ከ2017 እስከ 2019 ያለው ሞዴል ነው።

በዚህ ሞተር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን ከያዘው ዋናው አካል) ጋር በሚገጥምበት ቦታ ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ወደ ሲሊንደር ሾልኮ ይገባል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ኩላንቱ ይጎድላል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) በመቀየር ብቻ ስለማይድን መፍትሔው ሞኖብሎኩን መቀየር ነው፤ ወጪውም ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ኩላንቱን ሞልቶ፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱን በመሣሪያ አጥፍቶ፣ ሞተሩንም አስቀድሞ አሙቆ ይጠብቃችኋል። ይሁን እንጂ መብራቱን ያበራው የብልሽት ኮድ ሲጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ፍተሻዎች እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ከመሪው ሥር የሚሰካ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ብታስገቡ ብዙዎቹ ፍተሻዎች ገና እንዳልተጠናቀቁ ያሳያችኋል። «ባትሪ ስለቀየርን ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ግን መኪናው ጥቂት ቀናት ተነድቶ ፍተሻዎቹ እስኪያልቁ ድረስ ቀብድ አትክፈሉ።

ከ2013 እስከ 2016 ያለውን ሞዴል የምታዩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ፎርድ በ2022 በካምቢዮው ገመድ ጫፍ ላይ ባለ ፕላስቲክ ማያያዣ ምክንያት እነዚህን መኪናዎች ለጥገና ጠርቷል፤ ማያያዣው ሲላቀቅ ማርሹ ፓርክ ላይ እንዳለ እየታየ መኪናው ሊንከባለል ይችላል። የፌዴራል ሕግ ያገለገለ መኪና ይህ ጥገና ሳይደረግለት እንዳይሸጥ ስለማይከለክል፣ ባለ 17 ፊደልና አኃዙን የሻንሲ ቁጥር በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ አስገብታችሁ አጣሩ። ጥገናው በነጻ ነው።

በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መኪናው ያለ ዋስትና፣ ባለበት ሁኔታ እንደሚሸጥ የሚገልጽ ከሆነ፣ የሻጩ የቃል ተስፋ አያድናችሁም። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለውም በመሸጫው ግቢ ለተገዛ መኪና በፌዴራል ሕግ አይሠራም። ስለዚህ መኪናውን በራሳችሁ መካኒክ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ካንዴላዎቹን በማስወጣት ጭምር አስመርምሩ፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ትታችሁት ሂዱ።