አሞራ ገደል፦ ጀልባው ሳይመጣ የሚነድ እሳት

ሐዋሳ ላይ ዓሣ የት ልብላ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ በጠዋት፣ ሾርባ። ብዙ ሰው የሚሄደው እሁድ ከሰዓት ለጥብስ ነው፤ ጥብሱም አይከፋም። እኔ ግን ስለ ጠዋቱ ሾርባና ስለሚሠሩት እናት ነው የምጽፈው። በኑሮዬ እንደዚያ ጨንቆኝ በማያውቅበት ሰሞን ነው ያገኘኋቸው።

የስፌት ማሽን ጥገና ባለሙያ ነኝ። ዓመታት በልብስ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ሀገራችን በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምናስገባበት ዕድል፣ ከወጣች በኋላ ትዕዛዝ እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ቀረ፣ ቀጥሎ አንድ መስመር ተዘጋ፣ ቆይቶ የእኔም ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ሰባት ወሯ ነበር። የቤት ኪራይ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ልጸልይ ተንበርክኬ «የዕለት እንጀራችንን» የሚለው ጋ ስደርስ ሐሳቤ ጤፍ ስንት ገባ ወደሚለው ይሄድብኛል፣ ከዚያ ኪራዩ፣ ከዚያ የማዋለጃው፣ እንዲህ እያልኩ ይነጋል።

አንድ ቀን ሳይነጋ ተነስቼ፣ ባለቤቴን እንዳልቀሰቅስ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ፣ በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አሞራ ገደል ስደርስ ገና ጭር ብሏል። እሳት ያነደዱት አንድ እናት ብቻ ናቸው። ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ድስቱ ተጥዶ ውሃው መንተክተክ ጀምሯል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ቃሪያው ታጥቦ ሳህን ላይ ተቀምጧል። ዓሣ ግን አንድም የለም።

«እትዬ፣ ሾርባ ደርሷል?»

«ተቀመጥ ልጄ፣ ጀልባዎቹ ገና አልመጡም።»

«ታዲያ ዓሣ ሳይኖር አነደዱት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዓሣው ሲመጣ እሳት ፍለጋ ልሩጥ? አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል። ጌታ ግን ጦሜን አሳድሮኝ አያውቅም።»

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ትዝ ያለኝ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ነው። ጴጥሮስና ጓደኞቹ፣ ሰባት ሆነው፣ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ሲጥሉ አድረው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጠዋት ኢየሱስ ጥሉ ባላቸው በኩል ጥለው 153 ትልልቅ ዓሣ አወጡ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ሁሌ እያነበብኩ የማልፈው ቀጥሎ ያለውን ነበር፦ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጡ ፍሙ ነዷል፣ ዓሣም በላዩ ነበር፣ እንጀራም። የእነሱን ዓሣ አልጠበቀም። ከዚያ ግን ከያዛችሁትም አምጡ አላቸው። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

ጀልባዎቹ ቆይተው መጡ። እትዬ መካከለኛ የቆሮሶ ዓሣ መርጠው ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ጠርር ጠርር አድርገው አነሱት። አንጀቱን ወርወር ሲያደርጉት በአጠገባችን ቆሞ ይጠብቅ የነበረ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ መሬት ሳይነካ ቀለበው። ሾርባው ትኩስ፣ ቀጠን ያለ፣ ቃሪያውና ሎሚው የሚሸት፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ የሚለቅ ነው። ዳጣውን ግን በጥንቃቄ፤ በማንኪያ ጫፍ ይበቃል። ሆዴ ሲሞቅ ወሬ ጀመርኩ፣ የባለቤቴንም ነገር ነገርኳቸው። ስወጣ አንድ የተጠበሰ ቆሮሶ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ልከፍል ስል «የእሷ ነው እንጂ የአንተ አይደለም፣ ሂድ አድርስላት» አሉኝ።

ሰዎች «አትጨነቅ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለውኛል። እውነት ነው፣ ግን ጎተራው ከሞላለት ሰው ሲመጣ ይከብዳል። እኚህ እናት በየጠዋቱ ባዶ ውሃ ጥደው ነው የሚሉት። እመን ብቻ፣ ብሩ ይዘንባል የሚለውንም ስብከት አልወደውም። መናው እንኳ የወረደው ለዕለቱ ያህል ነው፣ ለነገ ያስተረፉት ተልቷል።

በማግስቱ የመፍቻ ቦርሳዬን አንስቼ ገበያ ውስጥ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች በየሱቁ ዞርኩ። ሁለት ቀን ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን የአንዱ ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን፣ ክር እየበጠሰ አስቸግሮት ነበር፤ ሠራሁለት፣ እሱ ለጎረቤቱ ነገረልኝ። ኪራዩን የከፈልኩት ግማሹን ነው፤ አከራያችን ቀሪውን ታገሡኝ። አሁንም በወር ደመወዝ አልገባሁም። ልጃችን ተወልዳ ሦስት ወሯ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ያንን ቆሮሶ እስካሁን ታነሳዋለች።

ወደ ዓሣው ቤት ወሬ ልመለስ። አግዳሚው ጠንካራ ነው፣ ወገብ የሚያማችሁ እወቁት። ከቀትር በኋላ ዝንቡ ይበዛል፤ አንዳንዱ ጋ የመጥበሻው ዘይትም ተደጋግሞ ይጠቁራል፣ አይታችሁ እዘዙ። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ዝርዝር ያዙ። ጦጣዎቹ ዳቦ ከእጅ ይነጥቃሉ፣ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ተጠንቀቁ። ጥብስ ከፈለጋችሁ ዓሣውን በዓይናችሁ መርጣችሁ አስጠብሱ፤ አምባዛም አለ፣ ለእኔ ግን ቆሮሶ ይበልጥብኛል።

ለሾርባው በጠዋት ሂዱ። ድስቱ ውስጥ ውሃ ብቻ ካያችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ፣ ጀልባዎቹን ጠብቁ። እትዬን ካገኛችኋቸው ደግሞ የማሽን ሠራተኛው ሰላም ብሎዎታል በሉልኝ።